ጎቲክና ድኅረ ፓንክ ስለሚባሉት ሙዚቃዎች፤ ወዳጆቻቸውም ስለሚከራከሩበት ነገር

ሙዚቃ የማይወድ ሰው አለ ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ሙዚቃ የሚወዱ ሁለት ሰዎች በሙዚቃ ነገር ተስማሙ ቢባል ግን ይብሱን ያስቸግራል። አንዱ ጥላሁንን ሲያመሰግን ሌላው ማሕሙድን ያነሣል፤ አንዱ ክራር ሲል ሌላው ጊታር ይላል። ይህ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ያለ ነገር ስለ ሆነ ማንንም አያስደንቅም። በዚህ ዓመት በእኛ ክፍል የተነሣው ክርክር ግን ከዚህ ለየት ይላል። ስድስት የምንሆን ተማሪዎች ጎቲክና ድኅረ ፓንክ የሚባሉትን የውጭ አገር ሙዚቃዎች ማድመጥ ከጀመርን ወዲህ፣ ከትምህርት ቤታችን በር አንሥቶ የጂማውና የቡታጅራው መንገድ እስከሚለያዩበት ድረስ እየተከራከርን እንሄዳለን። ከባድ መኪና ሲያልፍ መደማመጥ ስለማይቻል ዝም እንላለን፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ነገሩ በመካከላችን ብቻ ቢቀር ኖሮ በመጽሔት ላይ ማውጣት ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን የክፍል ጓደኞቻችን «የለቅሶ ቤት ሙዚቃ» እያሉ ያፌዙብናል፤ አንዳንድ ወላጆችም ልጆቻቸው ምን እንደሚያደምጡ ባለማወቃቸው ሰግተዋል። አንዱ ጓደኛችንማ በዚሁ ምክንያት ስልኩን እስከ መነጠቅ ደርሷል። ስለዚህ ሙዚቃው ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ወዳጆቹስ በምን በምን እንደሚለያዩ፣ አድምጦት የማያውቅ ሰው እንኳ እንዲረዳው አድርጌ ለመግለጽ አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ፓንክ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ለወሮበላና ለማይረባ ልጅ የሚሰጥ የስድብ ስም ነበር። በ1976 ገደማ በኒው ዮርክና በለንደን የተነሡ ወጣቶች ግን ይህን ስድብ ለሙዚቃቸው ስም አደረጉት። ሙዚቃቸው አጭር፣ ፈጣንና ጩኸታም ነበር፤ ጊታር ላይ ሦስት ኮርድ መያዝ የቻለ ሰው ሁሉ ቡድን ሊያቋቁም ይችላል የሚል እምነት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ጩኸት ብዙ ሳይቆይ ራሱን መድገም ጀመረ። ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው ዝነኛ ቡድን በ1978 መጀመሪያ ላይ ሲበተን ድምፃዊው ጆን ላይደን በዚያው ዓመት ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ የሚባል ሌላ ቡድን መሠረተ። ይህ ቡድንና መሰሎቹ ከፓንክ ነጻነቱን ወሰዱ፤ ፍጥነቱን ግን ተዉት። ከጃማይካው ሬጌ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ፣ ከዳንስ ቤት ሙዚቃም የማያቋርጠውን ምት ጨመሩበት። እንግዲህ ድኅረ ምረቃ ስንል ከምረቃ በኋላ ያለውን ትምህርት ማለታችን እንደ ሆነ ሁሉ፣ ድኅረ ፓንክም ከፓንክ በኋላ የመጣው ማለት ነው።

የጎቲክ ስም ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። ጎቶች የሚባሉት በጥንት ዘመን የነበሩ የጀርመን ወገን ሕዝቦች ናቸው፤ ከነሱም አንደኛው ክፍል በ410 ዓመተ ምሕረት በንጉሡ በአላሪክ መሪነት የሮምን ከተማ ዘርፏል። ከሺህ ዓመት በኋላ የኢጣልያ ሊቃውንት ጫፋቸው የሾለ ቅስት ያላቸውን የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲንቁ «የጎቶች ሥራ» አሏቸው። እነዚህ ሊቃውንት ጎቶች አንዳቸውንም ሕንጻ እንዳልሠሩ አልተጨነቁበትም። ቀጥሎም በ1764 ሆረስ ዋልፖል የተባለ እንግሊዛዊ በአሮጌ ግንብ ውስጥ ስለሚሆን አስፈሪ ነገር ልብ ወለድ ታሪክ አሳተመ፤ በሁለተኛውም እትም ላይ «የጎቲክ ታሪክ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ጎቲክ ማለት ጨለማ፣ ፍርስራሽና ፍርሃት ያለበት ነገር ሁሉ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከድኅረ ፓንክ ውስጥ ጨለም ያለውን ወገን ለመለየት ቃሉ ለሙዚቃ ተሰጠ። ዘራፊ፣ ሕንጻ፣ መጽሐፍ፣ ዘፈን! አንድ ቃል ይህን ያህል መንገድ መሄዱ የታሪክ መምህራችንን ሳይቀር አስቋቸዋል።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። በተለመደው ዘፈን ውስጥ ቤዝ ጊታር እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ከታች ሁኖ ይሸከማል እንጂ ማንም ልብ አይለውም። በድኅረ ፓንክ ግን ብዙ ጊዜ ዜማውን የሚመራው ቤዙ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በማንችስተር አካባቢ የተነሣው ጆይ ዲቪዥን የተባለው ቡድን ነው። የቡድኑ ቤዝ ተጫዋች ፒተር ሁክ የቤዙን ቀጭን ድምፆች አዘውትሮ ይመታ ነበር። ምክንያቱን ሲናገር፣ የጓደኛው የጊታር ድምፅ ማጉያ ኃይለኛ ስለ ነበረ ወፍራሙን ሲመታ ራሱን መስማት እንዳልቻለ ገልጿል። እንግዲህ ብዙ ሰዎች ጥልቅ ፍልስፍና አለበት የሚሉት ድምፅ የተወለደው ከዕቃ ጉድለት ነው ማለት ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የሚንጫረረውን ድምፅ ማጉያ በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር የገደል ማሚቶ ነው። የጆይ ዲቪዥን የመጀመሪያው አልበም በ1979 ሲቀረጽ ሥራውን የመራው ማርቲን ሃኔት እያንዳንዱን የድራም ምት ለብቻው እየለየ፣ ድምፁን በመሣሪያ እያዘገየና እየመለሰ አቀነባበረው። የሚሰማው ነገር በባዶ መጋዘን ውስጥ እንደሚመታ ሁኖ ወጣ። አስቂኙ ነገር ጊታር ተጫዋቹና ቤዝ ተጫዋቹ ሥራውን በመጀመሪያ አለመውደዳቸው ነው፤ እነሱ በመድረክ ላይ እንደሚጫወቱት የሚያናጋ እንዲሆን ፈልገው ነበርና። ስለዚህ ስለዚህ ሙዚቃ የሚደረገው ክርክር የተጀመረው በአድማጮች ዘንድ ሳይሆን በራሳቸው በተጫዋቾቹ መካከል ነው።

የዚህ አልበም ሽፋን በጥቁር መደብ ላይ የተሠሩ ነጫጭ ሞገደኛ መስመሮች አሉት። አንዱ ጓደኛችን ይህ ሥዕል ያለበትን ካናቴራ ከሰልባጅ ገዝቶ፣ የተራራ ሥዕል መስሎት ወጨጫ ነው እያለ ሲለብሰው ኖሯል። በእውነቱ ግን ሥዕሉ ፑልሳር ከሚባል ኮከብ የመጣ የሬዲዮ ሞገድ ምልክት ነው፤ ይኸውም ኮከብ በ1967 ከተገኙት ፑልሳሮች ሁሉ የመጀመሪያው ሲሆን ምልክቱን ያስተዋለችው ጆሴሊን ቤል የተባለች ተማሪ ነበረች። የፊዚክስ መምህራችን ካናቴራውን ባዩ ጊዜ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ስለ ኮከቦች አስተማሩን።

ጨለም ያለውን የጎቲክ ወገን ለማወቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ባውሃውስ የተባለው ቡድን በ1979 ያወጣውን «የቤላ ሉጎሲ ሞት» እንደ ማለት ያለ ስም የተሰጠውን ሸክላ ያድምጥ። ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ነው፤ ድምፃዊውም አፉን የሚከፍተው ከሁለት ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚሰማው የድራም ኳኳታ፣ ወደ ታች የሚወርድ ቤዝና እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋ ጊታር ብቻ ነው። ወላጆች ይህ ሙዚቃ የሰይጣን ነውን ብለው ስለሚጠይቁ እዚህ ላይ ልመልስ። ቤላ ሉጎሲ ሰይጣን አይደለም፤ በ1931 በተሠራው ፊልም ድራኩላን ሁኖ የተጫወተና በ1956 የሞተ የሃንጋሪ ተወላጅ ተዋናይ ነው። በእኛ አገር በክረምት ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የጅብና የጭራቅ ተረት እየሰሙ መፍራትና መሳቅ እንዳለ ሁሉ፣ እነሱም ከፊልም ያገኙትን ፍርሃት በዘፈን ይጫወቱበታል።

ሱክሲ ኤንድ ዘ ባንሺስ፣ ዘ ኪውርና ዘ ሲስተርስ ኦቭ መርሲ የተባሉትም በዚሁ ወገን የሚቆጠሩ ናቸው። ሲስተርስ በ1980 በሊድስ ከተማ የተቋቋመ ሲሆን ከበሮ መቺ ሰው የለውም፤ በከበሮ መቺው ቦታ አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተተክቶ «ዶክተር አቫላንሽ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ዶክተር ናዳ እንደ ማለት ነው። ከጓደኞቻችን አንዷ መሣሪያ ልብ ስለሌለው ሐዘንን ሊያሰማ አይችልም ትላለች። ሌላው ደግሞ፣ ልብ የሌለው ነገር ሳይደክምና ሳይራራ ሲመታ ነው ሐዘኑ የሚሰማኝ ይላል። እኔ በዚህ ነገር ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ የሰዓት ድምፅ በሌሊት የሚያስጨንቀው የማይራራ ስለ ሆነ ነውና።

በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ከሁሉ ይልቅ የሚጣሉበት ነገር ግን ማን ጎቲክ ነው፣ ማንስ አይደለም የሚለው ነው። የሚያስቀውም የሲስተርስ መሪ አንድሩ ኤልድሪች ጎቲክ መባልን አጥብቆ መጥላቱ፣ የኪውሩ ሮበርት ስሚዝም ስሙን አለመቀበሉ ነው። አድማጮቻቸው ግን ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ፀጉራቸውን አቁመው መምጣታቸውን አልተዉም። ስሙን የሚሰጠው ተጫዋቹ ነው ወይስ አድማጩ? እኛም በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅተን ምንም አላገኘንበትም፤ ጊዜ ማባከን እንደ ሆነ ይሰማኛል።

ከዚህ የሚበልጠው የጥቁር ልብስ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ወጣት ጥቁር ቢለብስ መለየት ፈልጎ ነው ይባላል እንጂ የሚደነግጥ ጎረቤት የለም። በእኛ አገር ግን ጥቁር ልብስ ሥራ አለው። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ከል ይለብሳል፤ ለሟች ቅርብ የሆነ ሰው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ሳይለውጥ ይቈያል፤ ከሉን ያየ ሁሉ ጠጋ ብሎ «እግዜር ያጥናህ» ይላል። ስለዚህ አንዱ ጓደኛችን ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ለብሶ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱ ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብን?» አሉት። «ኧረ ማንም አልሞተ እማዬ፤ የሙዚቃ ነው» ቢላቸው፣ «ለሙዚቃማ ከል አይለበስም፤ ሟርት ነው፤ አውልቅ» አሉት። በኋላም ስልኩን የወሰዱበት እኒሁ እናት ናቸው።

በኛ በኩል ብዙዎች እናቲቱን አላወቁም ብለው ተቈጡ። እኔ ግን በልብሱ ነገር እሳቸው ትክክል ናቸው እላለሁ። ጥቁሩ ለእንግሊዙ ልጅ ባዶ ምልክት ስለ ሆነ የፈለገውን ትርጉም ይሞላበታል፤ ለእኛ ግን አስቀድሞ የተሞላ ነው። በመንደራችን ልጁን የቀበረ አባት ከል ለብሶ በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ እኛ ያንኑ ልብስ ለጨዋታ ለብሰን ብንሄድ የሱን ሐዘን ማቅለል ይሆንብናል። ሙዚቃውን ለማድመጥ ልብሱ አያስፈልግም፤ ጓደኛችንም በነጭ ሸሚዝ ሁኖ ያንኑ ያደምጣል።

ሆኖም የወላጆች ስጋት ከልብሱ አልፎ ወደ ሐዘኑ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። እዚህ ላይ የማይደበቅ ነገር አለ። የጆይ ዲቪዥን ድምፃዊና ገጣሚ ኢያን ከርቲስ በ1980 በሜይ ወር፣ በ23 ዓመቱ፣ የገዛ ሕይወቱን አጥፍቷል። ይህ ወጣት የሚጥል በሽታና ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት። አንዳንድ አድማጮች ሞቱን የዘፈኑ ጌጥ አድርገው ሲያወሩለት እሰማለሁ፤ ይህ በእውነቱ ያስቈጣኛል። የተረፉት ሦስት ጓደኞቹ በዚያው ዓመት ኒው ኦርደር የሚባል ቡድን አቋቁመው ሙዚቃቸውን ቀጠሉ፤ በነሱም ሙዚቃ ብዙ ሰው ጨፍሯል። ሐዘን ያለበትን ዘፈን የሚያደምጥ ልጅ ሁሉ አዝኗል ማለት አይደለም፤ የሚያዝነውም ልጅ የግድ የሐዘን ዘፈን አያደምጥም። ወላጅ ልጁ ከሰው ሲርቅ፣ ምግብ ሲጠላ፣ እንቅልፍ ሲያጣ ካየ ስልኩን ከመንጠቅ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል።

ደግሞስ የሐዘን ዜማ ለኛ እንግዳ ነውን? ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ትዝታ የቅኝቱም የዘፈኑም ስም ሁኖ ሲኖር ያላስለቀሰው ትውልድ የለም። ከጓደኞቻችን ሁለቱ እንዲያውም ጎቲክ ማለት የፈረንጅ ትዝታ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔ አልስማማም። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ለአንድ ሰው ወይም ላለፈ ጊዜ ይዘፍናል፤ የሄደው ይታወቃል፣ ናፍቆቱም አድራሻ አለው። ጎቲኩ ግን ብዙ ጊዜ ማን እንደ ሄደ አይናገርም፤ ሐዘኑ ማንም እንደማይኖርበት ቤት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ትዝታ ሰምተን ስናለቅስ የሚቀለን፣ እነ ባውሃውስን ሰምተን ግን ዝም ብለን ጣሪያ የምናየው።

ከትዝታ ይልቅ የሚቀርበው፣ በድምፁ ብቻ ከሆነ፣ በገና ነው። በገና ከበግ አንጀት የሚሠሩ ዐሥር አውታሮች አሉት። አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ ላይ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን ደጋግሞ ስለሚነካ ድምፁ ጥርት ብሎ አይወጣም፣ ይነዝራል። ያ ንዝረት ባይኖር በገና በገና አይሆንም። የድኅረ ፓንክ ጊታር ተጫዋችም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ እየገፋ የጠራውን ድምፅ ሆን ብሎ ይሰብረዋል። ሁለቱም ጥራትን አውቀው የተዉ ናቸው። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ መምህራችን «በገና ጸሎት ነው፤ በዐቢይ ጾም የሚደረደር ነው፤ ከጨዋታ ጋር አታወዳድሩት» ብለው ገሥጸውናል። ቃላቸውን እቀበላለሁ፤ ያወዳደርሁት አውታሩን እንጂ ጸሎቱን አይደለም። የበገናውን መምህር የዓለሙ አጋን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ያደመጠ ሰው የምለውን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይረዳል።

ከሁሉ የጠነከረብን ክርክር ግን ይህ ሙዚቃ የእኛ አይደለም፣ የሰው አገር ነው የሚለው ነበር። «የማንችስተር ዝናብ ለዓለም ገና ምኑ ነው?» ይሉናል። በዚህ ክርክር አፋችንን ዘግተን ሳለን ያዳነን አንድ ኢትዮጵያዊ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተማሩ፤ በኋላም ወደ ክላሪኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ጀምረው፣ በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከ1965 ጀምሮም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽለላን በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። ሽለላ ዘማች ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ደሙን የሚያሞቅበት፣ ጠላቱንም የሚያስደነግጥበት የቃል ዜማ ነው። ጌታቸው የሸላዩን ትንፋሽ፣ የድምፁን መሰንጠቅና ጩኸቱን ወደ ብረቱ መሣሪያ አገቡት፤ ሳክስፎኑ ያጓራል፣ ያቃስታል፣ ይፎክራል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሲያደርጉ፣ በአሜሪካ ፍሪ ጃዝ የሚባለው የሳክስፎን ጩኸት ገና ስም አልወጣለትም ነበር። ለመድረክ ሲቀርቡም የጀግና ለምድ ደርበው፣ የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ ደፍተው የሚታዩበት ጊዜ ነበር። ልብስ ትርጉም ይዞ ወደ መድረክ ሲወጣ እንዲህ ነው!

በ1972 ሸክላቸው ታተመ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ የቀድሞ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ስም እንደ ገና ሲያሳትም 14ኛውን ለጌታቸው ሰጠው። በዚሁ ዘመን በሆላንድ አገር ዚ ኤክስ የሚባል ቡድን ነበረ። ይህ ቡድን በ1979፣ ማለት ጆይ ዲቪዥን የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣበት ዓመት፣ ከፓንክ መንደር የተነሣና እስከ ዛሬም ያልተበተነ ነው። ጊታሮቹ ዜማ ከማውጣት ይልቅ እንደ ብረት መቁረጫ ይፋጫሉ፤ ከበሮ የምትመታውም ካትሪና ቦርንፌልድ የምትባል ሴት ናት። በ2002 ወደ አገራችን መጥተው በየከተማው ተጫወቱ። በ2004 የቡድናቸውን 25ኛ ዓመት በአምስተርዳም ሲያከብሩ ጌታቸውን ጋበዙ። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉት አዛውንትም ጩኸታቸውን ሰምተው አልሸሹም፤ እንዲያውም አልበም ከነሱ ጋር ለመሥራት ፈለጉ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተባሉት አልበሞች ከዚህ ተወለዱ። በአውሮፓና በሌላም አገር በብዙ መድረክ አብረው ቆሙ። ጌታቸው በ2016 በአፕሪል ወር በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ይህን እንዴት እናስረዳው? ፈረንጆቹ ኢትዮጵያዊ አልሆኑም፤ ጌታቸውም ፓንክ አልሆኑም። ሽለላውን እንዳለ ነፉት። ነገር ግን ሽለላ ከጥንት ጀምሮ ልስልስ ድምፅ አይፈልግም፤ ድኅረ ፓንክም ልስልስ ድምፅን ትቶ የወጣ ነው። ሁለቱ ሻካራነት ላይ ተገናኙ። የተለመደው የዘመናዊ ባንድ አጃቢ ለሽለላው ምንጣፍ ሲያነጥፍለት፣ እነዚህ ግን እንደ ተቀናቃኝ ሸላይ ይመልሱለታል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጓደኛችን ይህን በሰማ ጊዜ «ይህማ ጌራርሳ ነው፤ አንዱ ጀግንነቱን ሲያወራ ሌላው በጩኸት ይቀበለዋል» አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በክርክራችን ውስጥ እሱን የሚያህል የዚ ኤክስ ጠበቃ የለም።

አንድ ቀን ይህንኑ አልበም ለአንዱ ጓደኛችን አያት አሰማናቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው በጥሞና አደመጡና «ሽለላው ደኅና ነው፤ ነፊው ወንድ ነው። ከኋላ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። ቆርቆሮው ጊታር መሆኑን ብንነግራቸው አላመኑንም። ሆኖም አጥፉት አላሉም።

ሌላም የሚያገናኝ ክር አለ። ቢል ላዝዌል የተባለው አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋችና ፕሮዲውሰር ከላይ ያነሣሁትን የፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድን የ1986 አልበም የመራ ሰው ነው። በ2001 የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለውን አልበም ያዘጋጀው፣ በ2012ም ሮክን ከአገራችን ቅኝት ጋር ያዋሐደውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም የመራው ይኸው ሰው ነው። ጂጂን እያደመጡ የጓዳ ሥራቸውን የሚሠሩ እናቶች ከድኅረ ፓንክ አንድ እጅ ብቻ ርቀው መኖራቸውን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን?

ይህን ሁሉ ካወቅን ወዲህ ክርክራችን መልኩን ለውጧል። አስቀድሞ «ደስ ይላል»፣ «አይረባም»፣ «አንተ ምን ታውቃለህ» ነበር የምንባባለው፤ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ሙዚቃው ምንም አይነግርም። አሁን ግን አይረባም የሚል ሰው በስንተኛው ደቂቃ፣ የትኛው መሣሪያ፣ ምን ስላደረገ እንደ ሆነ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ከማሳየቱ በፊት ሌላው ጣልቃ አይገባም። በዚህ መንገድ አንዱ ጓደኛችን ለሦስት ወር ያህል ሲያጣጥለው የነበረውን የዘ ኪውርን ዘፈን ጉድለቱን ሊያሳየን ብሎ አራት ጊዜ ደጋግሞ ካሰማን በኋላ፣ በመጨረሻ ራሱ ወዶት ወደ ቤቱ ሄደ። በተቃራኒውም እኔ የባውሃውስን አንድ ሌላ ዘፈን ሳመሰግን ከርሜ፣ የጊታሩ መንቋቋት በየት በኩል ለዜማው እንደሚጠቅም አሳይ ብባል ማሳየት አቃተኝ።

ስልኩ የተወሰደበት ጓደኛችን እናት ስልኩን መልሰዋል፤ ይኸውም ልጁ ማታ ማታ የሚያደምጠውን እሳቸውም አንድ አንድ ጊዜ እንዲሰሙት ተስማምተው ነው። የጆይ ዲቪዥንን ሰምተው «ይህ ልጅ ታሟል፤ የሚያስታምመው አልነበረውም?» አሉ አሉ። ከስድስታችን አንዳችንም ስለዚያ ድምፅ እንዲህ ብለን አናውቅም ነበር።

በአሁኑ ጊዜ ያልተፈታው ክርክር የጌታቸው ሽለላ በ1972ቱ ሸክላ ላይ ይበልጣል ወይስ ከዚ ኤክስ ጋር በተቀረጸው በ2006ቱ ላይ የሚለው ነው። አራቱ ለአዲሱ፣ ሁለታችን ለቀድሞው ቆመናል። የኔ ምክንያት በቀድሞው ላይ ጌታቸው ትንፋሽ ሲወስዱ የሚፈጠረው ዝምታ በግልጥ መሰማቱ ነው፤ በአዲሱ ላይ ያን ዝምታ ጊታሮቹ ይሞሉታል። አራቱ ደግሞ ጀግና ሲፎክር ከኋላው ዝም የሚል ወገን ምን ዓይነት ወገን ነው ይሉናል። ሁለቱንም አድምጦ አሳብ ያለው ተማሪ፣ መምህርም ሆነ ወላጅ፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ያገኘናል፤ ነገር ግን ደቂቃውን ይዞ ይምጣ።